የጋሼ ይማም ጓዳና ስልቻ

ጋሼ ይማም መሞታቸውን የሰማሁት ደብረ ብርሃን፣ ተፈናቅለን በተጠለልንበት ትምህርት ቤት ግቢ፣ የውኃ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ከፊቴ ያለችው ሴት ከመርሳ በእግሯ ወጥታ ገና መድረሷ ነበር። ጀሪካኗን እየገፋች ለጓደኛዋ የሞተውንና የተረፈውን ስትነግራት፣ "ፎቶ አንሺው ይማምም አለፈ፤ ስኳር ነበረበት፣ መድኃኒት አጣ" አለችና ወደ ሌላ ሰው ስም ተሻገረች። የትኛው ይማም ብዬ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። ድምፄ አልወጣም። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እኔም ጀሪካኔን ገፋሁ።

ክፍላችን ተመልሼ ከፍራሼ ሥር ያለውን ላፕቶፕ ዳሰስኩት። መኖሩን ለማረጋገጥ በየቀኑ እዳስሰው ነበር። ያን ቀን ግን እጄን ማንሳት አቃተኝ። የሳቸው ነበር።

ጋሼ ይማም መርሳ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ፎቶ ቤት ነበራቸው። በመርሳም ሆነ በሀብሩ ገጠር እሳቸው ያላነሱት ሰው ማግኘት ይከብዳል። መታወቂያ የሚያወጣው፣ ዐረብ አገር የምትሄደው፣ የሚያገባው፣ የሚመረቀው ሁሉ እዚያች ጠባብ ክፍል ገብቶ ሰማያዊው መጋረጃ ፊት ተቀምጧል። እኔ በኮምፒውተር ተመርቄ ወልድያ እናቴ ቤት የሥራ ማስታወቂያ ሳነብ ከርሜ ነው በዘመድ በኩል ወደ እሳቸው የሄድኩት። የመጀመሪያው ቀን ስሜን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አልተሰማቸውም። ደገምኩት።

"ትዕግሥት?" አሉ። "አልሐምዱሊላህ፤ እኔን የነፈገኝን ይኸው በሰው አድርጎ ላከልኝ።"

እውነታቸውን ነበር። መቀመጥ የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። ምሳቸውን ቆመው ይበላሉ። ስልክ ሲያወሩ ከበሩ እስከ አስፋልቱ ይመላለሳሉ፣ መኪና ይጮህባቸዋል፣ እሳቸውም መልሰው ይቆጡታል። ባለጉዳዩን ወንበር ላይ ያስቀምጡና አገጩን በሁለት ጣት ቀና አድርገው፣ ሰውየው ፊቱን ገና ሳያበጅ ያነሱታል። "ካበጀው በኋላማ የሌላ ሰው ፊት ነው" ይላሉ። የስኳር ሕመምተኛ መሆናቸውን ያወቅሁት ቆይቼ ነው፤ መርፌያቸውን እንኳ ቆመው ነበር የሚወጉት፣ በዚያኛው እጃቸው የደንበኛ ኮሌታ እያቃኑ።

ለምን እንደቀጠሩኝ እሳቸው አልነገሩኝም። እየሳቁ የነገሩኝ ባለቤታቸው እትዬ ዘሐራ ናቸው። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር አለ። አንዱ ከጠረጴዛው የማይነሳ ትልቅ ዴስክቶፕ ነው፤ የዓመታት ፎቶ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ሁለተኛው ገጠር ለሠርግ ሲወጡ የሚይዙት ላፕቶፕ ነው። ጋሼ ይማም ፎቶውን ካንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት በፍላሽ ነበር፣ ያውም በችኮላ። አንድ ጊዜ ሐራ አጠገብ ትልቅ ሠርግ አንስተው ተመለሱ። ዴስክቶፑን ከፍተው የሙሽራዋን ስም የያዘ ፎልደር ሲያዩ፣ ተሻግሯል ብለው ከላፕቶፑ ላይ አጠፉት። ዴስክቶፑ ላይ የነበረው ግን ቀደም ብለው ያነሱት የኒካሁ ፎቶ ነበር። ሠርጉ የትም አልነበረም።

ሌላ ሰው ቢሆን ካሜራው ተበላሸ ይላል። ጋሼ ይማም ካሜራቸውን አንግተው ወደ ሙሽራዋ አባት ሄዱና ደጅ ላይ እንደቆሙ፣ "ወንድሜ፣ ልጅህን እንደገና ዳርልኝ" አሏቸው። ሰውየው ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ቀልድ አለመሆኑ ሲገባቸው ተቆጡ። በመጨረሻ፣ ምን ይደረግ፣ ድንኳኑ እንደገና ተተከለ፣ ጎረቤት እንደገና ለበሰ። ችግሩ ሙሽራው ነው፤ ጅዳ ተመልሷል። የሙሽራዋ ወንድም ሱፉን ለብሶ ቆመ። ጋሼ ይማም ከጀርባው፣ ከትከሻው፣ ከጆሮ ግንዱ እያነሱ አልበሙን ሞሉት። ሙሽራው ፊቱን የሚያሳይበት አንድ ፎቶ የለም። እንግዳ ምነው ብሎ ሲጠይቅ፣ የቤቱ ሰዎች ልጁ ዓይን አፋር ነው ይላሉ አሉ።

እኔ ሁለቱን ኮምፒውተሮች በኬብል አገናኘሁና ማታ ማታ ልዩነታቸውን እያየ እኩል የሚያደርጋቸው ፕሮግራም ጫንኩ። አሠራሩን ሳስረዳቸው ከኋላዬ እየተንጎራደዱ ሰሙኝ። አንዱ ላይ የተጨመረ ሌላውም ላይ ይጨመራል፣ አልኳቸው። ጥሩ አሉ። አንዱ ላይ የተስተካከለ ሌላውም ላይ ይስተካከላል። ጥሩ። አንዱ ላይ የጠፋ ከሌላውም ላይ ይጠፋል። እዚህ ላይ እርምጃቸው ቆመ።

"አንዱ ቤት የሞተ ሌላውም ቤት ይሞታል?"

"አዎ፣ ጋሼ። እኩል እንዲሆኑ ነው።"

"ይሄ ወረርሽኝ እንጂ ሥራ አይደለም። አስተካክይልኝ።"

አስተካከልኩት። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ከማጥፋቱ በፊት መጠየቅ ጀመረ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ የሚሰጡት ራሳቸው ነበሩ፤ በዚያ ሰዓት ብቻ ወንበሩን በአንድ ጉልበታቸው ይደገፉታል። ብዙ ጊዜ የሚመልሱት "አይጥፋ" ብለው ነው። ዴስክቶፑን ጓዳ፣ ላፕቶፑን ስልቻ ብለው ሰየሟቸው። መንገደኛ ያመጣውን ከስልቻው አውጥቶ ጓዳ ያስገባል፤ ሲሄድ ደግሞ ከጓዳ ስንቁን ይቋጥራል። "ጓዳና ስልቻ ሳይተያዩ አይታደርም" ይሉ ነበር። ልሄድ ቦርሳዬን ሳነሳ ከደጅ ሆነው፣ "ተያዩ?" ይሉኛል። "ተያዩ" ካላልኩ የወልድያውን ታክሲ ራሳቸው ያስቆሙብኛል፤ "ቆይ፣ ልጅቷ አልጨረሰችም" ብለው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው አንዱን ፎቶ ሁለታችንም በየበኩላችን ያስተካከልነው ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ ከሲሪንቃ ወዲህ ካለ መንደር የተዳረች ሙሽራ ነበረች። እኔ ዴስክቶፑ ላይ አንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳት አጥፍቼ ቆዳዋን አለሰለስኩት፤ እንደዚያ እንድናደርግ የሚጠይቁን ብዙ ስለነበሩ። እሳቸው ደግሞ ቤታቸው በላፕቶፑ ላይ ንቅሳቱ ጎልቶ እንዲታይ አድርገውታል። ማታ ፕሮግራሙ የትኛው ይቆይ ብሎ ጠየቀ። የኋለኛው የኔ ስለሆነ የኔ ይቆይ አልኩ። ጋሼ ይማም ስልካቸውን አውጥተው ሙሽራዋ ዘንድ ደወሉ፣ ያውም ጫጉላ ቤት ሳለች። እየተመላለሱ ጉዳዩን ካስረዷት በኋላ ስልኩን ለኔ አቀበሉኝ። ሙሽራዋ፣ ንቅሳቱን እናቷ እንዳስነቀሰቻት፣ እናቷም በሕይወት እንደሌለች ነገረችኝ። የኔን አጠፋሁት። ጋሼ ይማም ታክሲ ሊያስቆሙልኝ ወጥተው ነበር።

ዓይን አፋርነቴን ይታገሉት ነበር። ገጠር ሠርግ ስንሄድ ሰዉን የማሰለፉን ሥራ ለኔ ይሰጡኛል። አንድ ድንኳን ሙሉ ሰው "ወደዚህ ተጠጉ" የሚል የለሆሳስ ድምፅ ሲሰማ ማንም አይንቀሳቀስም። "ድምፅሽ ከጥርስሽ አልፎ አይወጣም፤ ማን ነው ያሰረው?" ይሉኛል፣ ሰው ፊት። ሰዉ ይስቃል፣ እኔ እቀላለሁ፣ ሁሉም እየሳቀ ባለበት እሳቸው ያነሱታል። በኋላ ነው የገባኝ፤ እኔን ማሳፈራቸው ሳይሆን ሰዉን ማሳቃቸው ነበር ሥራው። ምግብ ሲቀርብ እሳቸው ወደ እስላሙ ድንኳን፣ እኔ ወደ ክርስቲያኑ እንለያያለን። ላፕቶፑን ግን በተራ ነው የምንይዘው፤ እኔ ስበላ እሳቸው ታቅፈውት በክርስቲያኑ ድንኳን ደጅ ይመላለሳሉ፣ "አላለቀልሽም?" እያሉ።

ጦርነቱ ከቆቦ ወደ ወልድያ ሲቃረብ ፎቶ ቤቱ ሥራ በዛበት። ልጆች ከየቀበሌው እየመጡ፣ ከመዝመታቸው በፊት መነሳት ይፈልጋሉ። የራሱ መሣሪያ የሌለው ከጓደኛው ተቀብሎ ይነሳል። ሥራ ሲበዛ የሚፎክሩት ሰው ያን ሰሞን ቀልዳቸውን ቀነሱ። ልጆቹን ሁሉ "ልጆች" በሚል አንድ ፎልደር አስገቧቸው፤ ማታም ጓዳና ስልቻ መተያየታቸውን ከወትሮው የበለጠ ይጠይቁ ጀመር። ምን እንዳሳሰባቸው የገባኝ አንድ ቀን ደንበኛ ሲወጣ በሩን ገርበብ አድርገው በቀስታ ሲነግሩኝ ነው። ከተማው ቢያዝ፣ አሉኝ፣ ይሄ ፎልደር የማን ልጅ እንደዘመተ፣ የማን ቤት መሣሪያ እንዳለ ፊት በፊት ይናገራል። በጓዳ መቀመጥ የለበትም። ግን ደግሞ ከነዚህ ልጆች አንዱ ባይመለስ እናቱ የምትመጣው ወደ እኔ ነው፣ አሉ። ይህን ካሉኝ ጀምሮ እኔም እንቅልፍ አጣሁ።

በመጨረሻው ቀን ከመርሳ በላይ ካለው ቀበሌ ሞላ የሚባል ልጅ ከእናቱ ከእትዬ ከበቡሽ ጋር መጣ። ረጅም፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ ልጅ ነው። ጋሼ ይማም እናቱንም አብረው እንዲነሱ ቢለምኗቸው እሺ አላሉም። "ሲመለስ እንነሳለን" ብለው ነጠላቸውን አጥብቀው በሩ ጋ ቆሙ። ሞላ ኮስተር ለማለት ሞከረና አልሆነለትም፤ ጋሼ ይማም አገጩን ቀና ሲያደርጉት ሳቀ። እየሳቀ አነሱት። ከኋላው ሌሎች ይጠብቁ ነበር፤ የካሜራው ካርድ ቦታ ስላለቀበት የቀኑን ፎቶ ዴስክቶፑ ላይ ገልብጬ ካርዱን ባዶ አድርጌ መለስኩላቸው። ሰዉ ሲያልቅ የቀረውንም እንዲሁ ገልብጬ ኬብሉን ሰካሁ። ፕሮግራሙ መሥራት እንደጀመረ መብራት ሄደ።

አልተመለሰም። ለሠርግ የምንይዘው ትንሽ ጄኔሬተር ነበረን፤ ቤንዚን ግን ከጠፋ ሰንብቷል። የቀደሙት ቀናት ልጆች ላፕቶፑ ላይ አሉ፤ የዚያን ቀን ልጆች ዴስክቶፑ ላይ ብቻ ናቸው። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ይማም ከዴስክቶፑ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ዴስክቶፑ ተመላለሱ። ውጭ አስፋልቱ በሰው ተሞልቶ ወደ ውርጌሳ ይፈሳል። እናቴና እህቴ ቀድመው ደሴ ገብተዋል። ጋሼ ይማም ወጥተው አንድ አይሱዙ ፊት ተገትረው አስቆሙ። ፎቶው ያለበትን ዲስክ ፈትቼ ልውሰደው አልኳቸው፤ መፍቻ ፍለጋ መሳቢያውን ጎተትኩ። ሹፌሩ ክላክሱን ይጫናል።

"ጓዳውን ነቅሎ የሚሰደድ ሰው አይተሻል?" አሉኝ። መኪናው ላይ አሳፍረውኝ ላፕቶፑን በራሳቸው ጋቢ ጠቅልለው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። "ስልቻው ካንቺ ጋር ይሂድ። ጓዳውን ለኔ ተይው።"

አንቱስ አልኳቸው። እትዬ ዘሐራ እግራቸውን ታመው መራመድ አይችሉም ነበር። ወደ ቤታቸው አቅጣጫ በአገጫቸው አመለከቱኝና የመኪናውን ጎን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ሄድን።

መንገዱ ሲከፈት ከደብረ ብርሃን ተመለስኩ። ወልድያ ቤታችን ተዘርፎ ስለነበር ጥቂት ጊዜ እሱን ስንጠርግ ቆየን። መብራት መምጣቱን ስሰማ ላፕቶፑን ይዤ መርሳ ወረድኩ። እትዬ ዘሐራ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ተቀበሉኝ። ተቃቅፈን ካለቀስን በኋላ ሁሉንም ነገሩኝ።

እኔ በሄድኩ ማግሥት ጋሼ ይማም የጎረቤት ባጃጅ ሥር ተጋድመው በላስቲክ ቱቦ ቤንዚን ቀዱ። ጄኔሬተሩን አስነስተው ዴስክቶፑን ከፈቱና "ልጆች" የሚለውን ፎልደር አጠፉት። የተጣለ ነገር መጀመሪያ ቅርጫት ውስጥ እንደሚቆይ አስተምሬያቸው ነበርና ቅርጫቱንም ባዶ አደረጉ። "እያጠፋ ያለቅስ ነበር፤ ቆሞ" አሉ እትዬ ዘሐራ። ከተማውን የያዙት ታጣቂዎች ቆይተው የራሳቸውን ጄኔሬተር ይዘው መጡ፤ ኮምፒውተሩን ክፈት አሉ። ከፈቱ። ሠርግ ነው፣ ሠርግ፣ ሠርግ። ፊቱን የማያሳየው ሙሽራ ዘንድ ሲደርሱ ይህ ማነው ብለው ጠረጠሩ። ጋሼ ይማም ታሪኩን ሲያወሩላቸው ሳቁና ሄዱ። ከመካከላቸው አንድ ልጅ ግን ብቻውን ተመልሶ መጣ። ለእናቴ የምልከው አንሳኝ አለ። ዕድሜው ከሞላ አይበልጥም። ጋሼ ይማም አነሱት፤ መንገድ ሲከፈት እልክልሃለሁ አሉት። እንደ ልማዳቸውም ያነሱትን ጓዳ አስገቡ።

ከዚያ ኮምፒውተሩን በሰማያዊው መጋረጃ ጠቅልለው ጭድ ውስጥ ደበቁት። መድኃኒታቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው እንስራ ውስጥ አቆዩት፤ እሱም አለቀ። ዓይናቸው ደከመ፣ እግራቸው አልሄድ አለ፣ ተኙ። ተኝተውም አላረፉም። በመጨረሻው ሰሞን የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር አሉኝ እትዬ ዘሐራ፤ "ልጅቷ ደረሰች?" የሚሉት።

ይህን እየነገሩኝ እትዬ ከበቡሽ ገቡ። ሞላ አልተመለሰም። ሞቷል የሚል አለ፣ ቆስሎ ሲወሰድ አይቻለሁ የሚል አለ። ጎረቤቶቻቸው ለቅሶ እንዲቀመጡ ሲያባብሏቸው አባረዋቸዋል። ደሴና ኮምቦልቻ በየሆስፒታሉ ዞረው ነበር፤ የሚጠይቁት ሰው ሁሉ ፎቶ አለዎት ወይ ይላቸዋል። የልጅነት ፎቶውን ይዘው ቢሄዱ በዚህ ማን ይለየዋል ተባሉ። ካደገ በኋላ የተነሳው ያን ቀን ብቻ ነው።

"ይማም አስቀምጧል ብዬ ነው የመጣሁ" አሉኝ።

ዴስክቶፑን ከጭዱ አውጥተን አራገፍነው። ከፈትኩት፣ ሠራ። በልማድ ላፕቶፑን አያያዝኩት። ፕሮግራሙ ሁለቱን አይቶ ጠየቀኝ፤ "ልጆች" ከዴስክቶፑ ጠፍቷል፣ ከላፕቶፑም ላጥፋ? ወይስ ከላፕቶፑ ወደ ዴስክቶፑ ልመልስ?  አጥፋ ብል የቀደሙት ቀናት ልጆች ይሄዳሉ። መልስ ብል ደግሞ እነዚህ ልጆች የሚያርፉት ሞላ በነበረበት ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል። ዓመታት ሙሉ በየማታው ያደረግሁት ነገር አሁን መደረግ የሌለበት ነገር ሆነ። ኬብሉን ነቀልኩት። እትዬ ዘሐራ ሳይተያዩ ነቀለቻቸው ብለው ደነገጡ።

አስረዳኋቸው። የጠፋ ፎቶ ወዲያው አይሞትም፣ አልኳቸው፤ ማሳው ባለቤት የለውም ተባለ እንጂ አዝመራው አልታጨደም። ሌላ ሰው ከላዩ ካረሰበት ግን አበቃ። ስለዚህ ዲስኩ ላይ ምንም ሳልጨምር ደሴ ወስጄ አብሮኝ የተማረ ሰው ዘንድ የጠፋ ፎቶ በሚያወጣ ፕሮግራም እፈልገዋለሁ። እትዬ ከበቡሽ በጥሞና ሰሙኝና ስክሪኑን አዩ። ከሠርጎቹ መጨረሻ የማያውቁት ልጅ ፎቶ አለ።

"ይሄ ማነው?"

እትዬ ዘሐራ ነገሯቸው።  እትዬ ከበቡሽ ቀጥሎ የጠየቁት እኔን ነው።

"ልጄ ከጠፋ በኋላ ነው የገባው?"

"አዎ።"

"እንግዲያ የኔን ልጅ አርሶት ይሆናል።"

"ሊሆን ይችላል፣ እትዬ። ላይሆንም ይችላል።"

"አጥፊው።"

ማጥፋቱ ሞላን አይመልሰውም አልኳቸው። "አጥፊው ብዬሻለሁ" አሉ። እትዬ ዘሐራ ከአልጋቸው ላይ፣ ይማም ለእናትህ እልካለሁ ብሎ ቃል የገባለት ነው፤ አይጠፋም አሉ። ሁለቱም ሴቶች በኔ በኩል ይነጋገሩ ጀመር፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ። አንዷ ልጇ የት እንዳለ አታውቅም፤ ሌላዋ ባሏን ከቀበረች ገና ነው። እኔ መሐል ላይ ነኝ፣ እጄ ማውዙ ላይ።

"ዛሬ ምንም አይጠፋም" አልኩ። "ምንም አይጨመርም። እኔ ነኝ የምዘጋው።" ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። ከደጅ የሚያልፍ ሰው እንኳ ዞር ብሎ አይቶናል። ኮምፒውተሩን ዘጋሁት፣ መፍቻ ፈልጌ ዲስኩን ፈታሁት፣ በጋቢው ጠቀለልኩት።

ደሴ ላይ ፕሮግራሙ ሲሠራ ዋለ። የልጆቹ ፎቶ አንድ በአንድ መውጣት ጀመረ። አንዳንዱ ሙሉ ነው። አንዳንዱ ከላይ እስከ ታች ግራጫ ነው፤ የማን እንደነበረ እንኳ አይለይም። እኔም እንደ ጋሼ ይማም መቀመጥ አቅቶኝ ከስክሪኑ እስከ መስኮቱ ተመላለስኩ። አብሮኝ የተማረው ልጅ ተቀመጪ እንጂ አለኝ። ሞላ ማምሻውን ወጣ። ፀጉሩ አለ፣ ግንባሩ አለ፣ ሳቁ ከነድዱ አለ። ከኮሌታው በታች ግራጫ ነው። ያን ቦታ የወሰደው የዚያ ልጅ ፎቶ ይሁን ሌላ ነገር፣ ማወቅ አልቻልንም።

ለእትዬ ከበቡሽ አትሜ ሰጠኋቸው። ግራጫውን በአውራ ጣታቸው ሸፍነው ፊቱን ብቻ አዩት። ሰውነቱን እኔ አውቀዋለሁ አሉኝ። በዚያው ዕለት ወደ ኮምቦልቻ በሚሄድ መኪና ተሳፈሩ።

አሁን ፎቶ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። እትዬ ዘሐራ ክፈቺው አሉኝ፣ ከፈትኩት። እትዬ ከበቡሽ ከብዙ ዙር በኋላ በዚህ ሰሞን መጡ። ሞላን አላገኙትም። ፎቶው ታጥፎ ታጥፎ እጥፋቱ ፊቱ ላይ ነጭ መስመር አውጥቷል፤ ጠርዙን ላብ በልቶታል። ሌላ እንዳትምላቸው ጠየቁኝ። ፎልደሩን ስከፍት ከጎኔ ቆመው ስክሪኑን እያዩ፣ ያ ልጅ አለ ወይ አሉኝ። እንደገና አጥፊው ሊሉኝ ነው ብዬ ፈራሁ። አለ አልኩ።

"እሱንም አውጪልኝ።"

 ቀና ብዬ አየኋቸው።

"በየሆስፒታሉ ስዞር የማይናገሩ ልጆች አያለሁ" አሉ። "ማን እንደሆኑ የሚለያቸው የለም። ከመሐላቸው ቢኖር እኔ እለየዋለሁ፤ አይቼዋለሁ።"

ወረቀት እንዳይባክን ሁለቱንም አንድ ወረቀት ላይ አሰለፍኳቸው፤ ሞላ በግራ፣ ያ ልጅ በቀኝ። አተምኩት። ትኩስ ነበር፤ እስኪደርቅ አራገብኩትና እንደ ልማዴ ከመሐል ልከፍለው መቁረጫው ላይ አስተካከልኩት። እትዬ ከበቡሽ እጄን ያዙኝ።

"አትቁረጪው" አሉ። "ሁለት ወረቀት በእጄ ይጠፋብኛል።"